በሞገስ ስም የሄደው መርዶ

ወሬውን ያመጣችው ሰዓዳ ናት። ጁባ ካስተም ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ሱቋን ከወይዘሮ ሸዋረጋ ምግብ ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ጸሐይም ወሬም አያስቆምም። ጠዋት ሰዓዳ ከደንበኛዋ ጋር ስታወራ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ሽንኩርት መላጡን ትተው ጆሯቸውን ወደ ቆርቆሮው አስጠጉ።

«ራሄል እኮ ኮምፒዩተሩን ተወችው አሉ» ትላለች ሰዓዳ። «የእህቴ ልጅ አብራት ነው የምትማረው። መጽሐፍ መደርደር መርጣለች። ያቺ ጎበዝ ልጅ! አያቷ ገና አልሰሙም።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ቢላዋውን አስቀመጡ። ራሄል የልጅ ልጃቸው ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው፣ የሚያስተምሯትም እሳቸው። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ «የልጄ ልጅ ኮምፒዩተር ናት» ያላሉት በላተኛ የለም። ሹፌሩ ያውቃል፣ ፖሊሱ ያውቃል፣ ውሃ የሚያመጣው ልጅ እንኳ ያውቃል። አሁን ካስተም ሙሉ መጽሐፍ መደርደር ሊባል!

ነጠላቸውን አንስተው ሰዓዳ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ያልሰማሁትን እዚሁ ድገሚልኝ።»

ሰዓዳ ደነገጠች። «ውይ፣ እማማ! እኔ ምን አውቄ። ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ የሰማሁትን ነው።»

«መቼ ነው የሚመረጠው?»

«ነገ ይዘጋል ነው የተባለው። ዘንድሮ ትምህርቱን ከፋፍለውታል። ድሮ ሁሉም ኮምፒዩተር ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የየራሱን ይመርጣል።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ወጡን ለሠራተኛቸው ለሰላም አደራ ብለው ወጡ። ሐሳባቸው ቦዳ ቦዳ ሞተር ይዘው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው ልጅቷን ከክፍል መጥራት ነበር። ሩቅ አልሄዱም። ከኡጋንዳ የመጡት መኪኖች የሚራገፉበት ጋ ሲደርሱ፣ በአቶ ማስረሻ መጋዘን ደጃፍ ራሄልን አዩዋት። ክፍል ነኝ ያለች ልጅ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣ፣ የእድሩን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ ትፈትሻለች። አጠገቧ አቶ ማስረሻ ቆመዋል፤ የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ካቶር ሰፈር ባር ያላት አልጣሽ ደግሞ ዘይት ልትገዛ መጥታ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። አልጣሽ የወይዘሮ ሸዋረጋ የልብ ወዳጅ ናት፤ ምላሷ ግን ወዳጅ አይለይም።

«ካላስ፣ በቃ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ ገና ከሩቁ። «ክፍልሽ እዚህ ሆነ?»

ራሄል ብድግ አለች። «እማዬ፣ ማታ ልነግርሽ ነበር።»

«ማታማ ሰዓዳ ለጁባ ሁሉ ነግራ ትጨርሳለች። ኮምፒዩተሩን ትተሻል?»

«አልተውኩም። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚባለውን ነው የመረጥኩት።»

«ኮምፒዩተር የሚል ስም አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ትተሽዋል።»

አቶ ማስረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው የሚያከብራቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የሚናገሩትን ደግሞ ቆመው የሚያስደምጡ ሰው ናቸው። «ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ እኔም ይህንኑ ስነግራት ነው የቆየሁት። ልጄ፣ ኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ነው። እኛ በልጅነታችን የምናውቀው አንድ ኮርስ ነበር፤ ተምረሽ ሰርተፍኬትሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። አሁን አምስት ስም ያወጡለት ለአስተማሪ ወንበር ለማብዛት ነው። ስሙ የታወቀውን ያዥ።»

«ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ እንድመልስ ይፈቅዱልኛል?» አለች ራሄል።

«መልሺ፣ መልሺ።»

ልጅቷ ወደ መንገዱ ጠቆመች። ሸራው የተገፈፈ የጭነት መኪና ላይ ወጣቶች ከረጢት ያወርዳሉ።

«እማዬ፣ ያ መኪና ይታይሻል? ሞተር ለምን እንደሚዞር፣ እስከ ምን ድረስ መዞር እንደሚችል የሚያጠና ሰው አለ። ኮምፒዩተር ሳይንስ እንደዚያ ነው፤ ስሌቱን ራሱን ያጠናል። መኪናውን ነድፎ፣ ገጣጥሞ፣ ዳገት ላይ እንዳይከዳ ፈትሾ የሚሠራ ደግሞ አለ፤ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ እሱ ነው። ጋራዡ አለ፤ መኪናው እንዳይቆም ጎማውንም ዘይቱንም የሚጠብቅ። ያ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው። ጋሼ ማስረሻ የትኛውን መኪና ለየትኛው ሥራ ቢያሰማሩ ንግዳቸው ይቃናል የሚለውን የሚያጠናው ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ጭነቱን ነው። ምን ተጫነ፣ የማን ነው፣ ማን ጋ መድረስ አለበት፣ ማን ከፍቶ ማየት ይፈቀድለታል፣ ከዓመታት በኋላ ቢፈለግ በምን ይገኛል።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ወገባቸውን ያዙ። «ሞተሩን ትተሽ ከረጢት ቆጣሪ ልትሆኚ ነው? ለዚህ ነው እኔ ከእሳት ዳር የማልጠፋው?»

አልጣሽ ሻይዋ ትን አላት። ራሄል ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። የተማረ ሰው ደህናው ነገሩ ይኼ ነው፤ ስድብ ሲወረወርበት ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል።

«እማዬ፣ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ባንድ ያስተምራል፣ ሌላው ይለያቸዋል። ፕሮግራም መጻፍ ሁላችንም እንማራለን፤ እኔም እማራለሁ። የሚለያየው የምንነሳበት ጥያቄ ነው። አንዱ ‹ማሽኑ ምን ይችላል?› ብሎ ይነሳል። የኔው ትምህርት ‹ሰው ምን ማወቅ ፈለገ? ያወቀውስ እውነት ነው?› ብሎ ነው የሚነሳው።»

«ይኼ ወሬ ነው» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ። «ነገ ሄደሽ ኮምፒዩተር የሚለውን ካላስመዘገብሽ እኔ አልከፍልም። እኔው ጋ ገብተሽ ድስት ታጥቢያለሽ። ነገርኩሽ፣ በቃ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቀልድነቱ አበቃ። አያቷ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት እንደሆኑ ራሄል ታውቃለች፤ አልጣሽም ታውቃለች፤ ሻይዋን አስቀመጠች።

«እሺ፣ እማዬ» አለች ራሄል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ነገር ጋሼን ልጠይቅና አንቺው ፍረጂ። ጋሼ፣ የሞገስ እናት መርዶ ሲሄድባቸው ይኼ ላፕቶፕ ተበላሽቶ ነበር?»

አቶ ማስረሻ ፊታቸው ጠቆረ። ይህ ነገር ከተፈጠረ ወዲህ ማንም ደፍሮ ፊት ለፊት ጠይቋቸው አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት ከሆስፒታል ወደ እድሩ ስልክ ተደወለ፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ሞቷል፣ ስልኩ ውስጥ «እድር» የሚል ቁጥር አግኝተን ነው ተባለ። አቶ ማስረሻ የሟቹን ስልክ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ቢፈልጉት፣ የኒሙሌ ድንበር መንገድ ሹፌሩ ሞገስ ነው አላቸው። ሌላው የሞገስ ቁጥር ላይ ቢደውሉ ስልኩ አይሠራም። ቤተሰብ በፌስቡክ ከሚሰማው ብለው፣ ሬሳውን ሳያዩ፣ ሀገር ቤት ላሉ ሽማግሌዎች ነገሩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በንጋት ሄደው የሞገስን እናት አረዷት። እዚህ ያሉት የእድሩ ወንዶች ሆስፒታል ሄደው ፊቱን ሲገልጡ ሟቹ ሞገስ አይደለም። የማያውቁት ልጅ ነው።

«አልተበላሸም» አሉ አቶ ማስረሻ።

«የተጻፈው ቁጥርስ ስህተት ነበር?»

«ቁጥሩማ የሟቹ ነው።»

«ለእድሩ የተላከውን ስም የጻፈው ልጅ ፊደል ሳተ?»

«ኧረ እሱ ጎበዝ ነው! መዋጮው በስልክ ሲገባ ስልኩ የሚያወጣውን ስም አንድም ሳይሳሳት ነው የገለበጠው።»

«ማሽኑ ደህና፣ ጽሑፉ ደህና፣ ፕሮግራሙ ደህና። ታዲያ ያልሞተ ሰው እንዴት ተለቀሰለት?»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ጥያቄውን በልባቸው እያገላበጡት ነበር። ወጡ ደህና፣ ጨዉ ደህና፣ እሳቱ ደህና፤ ታዲያ እንግዳው ለምን ታመመ እንደማለት ሆነባቸው።

«እኛ ሰዎች ስለሆንን አንሳሳትም?» አሉ አቶ ማስረሻ በመጨረሻ። «አሁን ሌላ ፕሮግራም ልናሠራ ነው። የጣት አሻራ ያለው።»

ይህን ሲሉ ሞገስ ራሱ መጣ። ከኒሙሌ ያመጣውን ጭነት ሊያስረክብ ነው። ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው፤ ከዚያ ነገር ወዲህ ሰው ሲያየው አንገቱን ይደፋል፤ የሞተው እሱ እንደሆነ ሁሉ።

«ከፍ፣ እንዴት ነህ ሞጌ?» አለች አልጣሽ። «እናትህ እንዴት ናቸው?»

«ክዌስ ናት፣ ደህና ናት፣ ተመስገን።» ቆም አለ። «ክዌስስ አይደለችም። ማታ ማታ ትደውላለች። ‹አንተ ነህ?› ትላለች። ‹እኔ ነኝ› እላታለሁ። ‹ድምፅ የሚያስመስል ሰው አለ አሉ፤ በልጅነትህ የወደቅክበትን ዛፍ ንገረኝ› ትላለች። እነግራታለሁ። በማግስቱ እንደገና ትጠይቀኛለች። ፀጉሯን ተላጭታለች እኮ። ድንኳኑን ያፈረሱት ዕለት፣ የኔ ልጅ ካልሞተ የሞተው የማን ነው ብላ ስታለቅስ አደረች አሉ።»

የማን እንደሆነ አሁን ሁሉም ያውቃል። ዳዊ ይባላል። ከድልድዩ ማዶ፣ ሸሪካት ሰፈር፣ ጡብ ይሠራ ነበር። ጁባ ሲገባ ፓስፖርት ስላልነበረው ሲም ካርድ ያወጣለት ሞገስ ነው፤ በራሱ ስም። እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ አዲስ የመጣ ሰው ወረቀት ያለውን ያስቸግራል። ዳዊ መዋጮውን በዚያ ስልክ ሲልክ፣ እድሩ ጋ የሚደርሰው ስም «ሞገስ» የሚል ነው። ወባ ጣለው፤ ሞተ። ሞገስ ከመንገድ ገብቶ ማንነቱን እስኪናገር ሙቀቱ አልጠበቀም፤ ሳይታወቅ ተቀበረ። ቄስ ይጠራ ወይስ ሼህ፣ የሚያውቅ ጠፋ። አቶ ማስረሻ ሁለቱንም አስጠሩ። ቄሱ በአንድ ወገን፣ ሼሁ በሌላው ወገን ቆመው እየተጠባበቁ ጸለዩ። እናቱ ዓፊፋ የሰማችው ልጇ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። በስልክ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሲቀበር ስሙን የጠራ ሰው ነበር?»

አቶ ማስረሻ ያን ጊዜ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀበሉ። የተናገረውን ሁሉ ቆሞ የሚያስደምጠው ሰውዬ!

«ሞገስ» አለች ራሄል ቀስ ብላ፣ «ለስንት ሰው ነው እንዲህ ሲም ያወጣህለት?»

ሞገስ ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ፤ መሀል ላይ ተወው። «ብዙ ነው። ግማሾቹ ካምፓላ ሄደዋል። ለሌላ ሰው አሳልፈው የሰጡም አሉ።»

ራሄል ላፕቶፑን ወደ አያቷ አዞረች። «ይኼውልሽ እማዬ። አምና ስሙን የሚጽፈው ልጅ ‹አንድ ሰው ተደጋግሞ ተጽፏል› ብሎ አጸዳው። ያንን ሁሉ ቁጥር በአንድ ሞገስ ስር ሰበሰበው። ሥራውን በደንብ ነው የሠራው፤ ድግምግሞሽ ሲያዩ ማጥፋት ተምሯል። እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የለም።»

«ለዚህ ነዋ!» አለች አልጣሽ ጭኗን መታ አድርጋ። «ባለፈው ስብሰባ ጋሽ ማስረሻ ተነስተው ‹እንደ ሞገስ አብዝቶ የሚያዋጣ ወጣት አላየንም› ብለው አስጨበጨቡለት!»

«እኔማ ገርሞኝ ነበር» አለ ሞገስ። «ሁለት ወር ያልከፈልኩ ሰው።»

ሳቁ መጣና ወዲያው ሄደ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ላፕቶፑን እያዩ ነበር። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ። በሞገስ ስም ስር ከተደረደሩት አንዱ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼን ቁጥር አውቀዋለሁ። በየቀኑ ነው የምደውለው። የሰላም ነው።»

«የእርስዎ ሰላም?» አሉ አቶ ማስረሻ።

«ወጤን ትቼላት የመጣሁት።»

«አዎ» አለ ሞገስ። «ለእሷም እኔ ነኝ ያወጣሁላት።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ከረጢቱ ላይ ተቀመጡ። አሁን ያቺ ልጅ እሳት ዳር ቆማ ታማስላለች። መንገድ ስትሻገር መኪና ቢገጫት፣ ንዳድ ቢጥላት፣ ይህ ላፕቶፕ ምን ይላል? ሞገስ ሞተ ይላል። ሽማግሌዎቹ በንጋት ተነስተው ያቺኑ ሴት፣ ፀጉሯ ገና ያላደገውን፣ እንደገና ሊያረዷት ይሄዳሉ። የሰላም እናት ደግሞ፣ ያለችበት አይታወቅም እንጂ፣ ልጄ ዛሬም አልደወለችም ብላ ትቀመጣለች።

«የጣት አሻራ ያለው ፕሮግራም ይኼን ይለየዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጣቷን ይለያል፣ እማዬ። የማን ልጅ እንደሆነች ግን ካልተጠየቀች አያውቅም። የተሳሳተ ነገር ከገባበት ስህተቱን ፈጠን አድርጎ ያደርሰዋል እንጂ።»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

ራሄል አያቷ ፊት በርከክ አለች። «ስልኩ በማን ስም ወጣ የሚለውንና ማን ይዞታል የሚለውን ሁለት ቦታ እለያለሁ። ቤት የሚጠራበትን ስም፣ የአባቱን ስም፣ እምነቱን፣ ክፉ ነገር ቢመጣ መጀመሪያ ለማን እንደሚነገር ራሱን እጠይቃለሁ። የነገረኝ አሁንም እንደዚያው ነው ወይ ብዬ በየጊዜው ተመልሼ እጠይቃለሁ። መርዶ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ምን ምን መረጋገጥ እንዳለበት ይወሰናል።»

«ወረቀት የሌለው ሰው ስሙን ይሰጥሻል?» አሉ አቶ ማስረሻ። «ሁሉ ይፈራል። ፖሊስ ጋ ቢሄድብኝስ ይላል።»

«ትክክል ነው፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ማን ያያል የሚለው ራሱ ትምህርት የሆነው። ይኼ ላፕቶፕ አሁን መቆለፊያ የለውም፤ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የሁሉን ሰው ስም ሳነብ ውያለሁ። ሰው እንዲያምነን መጀመሪያ ሚስጥሩ የሚጠበቅ መሆን አለበት። መቆለፊያውን የሚሠሩት እነዚያ ሶፍትዌሩን የሚማሩት ጓደኞቼ ናቸው፤ አብረን ነው የምንሠራው። ማን ምን ይቆለፍበት ብሎ የሚነግራቸው ግን ይፈልጋሉ። በሆስፒታልም እንዲህ ነው፤ የበሽተኛው ካርድ ከሌላው ሲቀያየር መድኃኒቱ ይቀያየራል። በትምህርት ቤትም፣ በመሬት ጽሕፈት ቤትም። በዚህ ከተማ ሰው ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው፤ በአንድ ስም ሁለት ሰው፣ በሁለት ስም አንድ ሰው አለ። ማሽን የሚገዛ ሞልቷል። የሚገባበትን ነገር አጥርቶ የሚያበጅ ነው ያነሰው።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት። ጫማ ማሰር ያስተማሯት ልጅ ናት። ስለ መጽሐፍ መደርደር የሰሙት ወሬ አሁን ትንሽ ሆኖ ታያቸው፤ ደግሞስ መጽሐፍ ቢደረደር ምን ነበረበት፣ የሚፈልገው ሰው ካገኘው?

«እኔ ስሙን ነበር የፈለግኩት» አሉ። «ኮምፒዩተር ሲባል ሰው ደንገጥ ይላል፤ እሱን ነበር የወደድኩት። ሥራውን አልጠየቅኩሽም። ነገ ሂጂና የመረጥሽውን አስመዝግቢ። ክፍያው የኔ ነው። ሰዓዳን ለኔ ተያት፤ እንዲያውም ዛሬውኑ ነግሬያት እስከ ማታ ካስተምን ታዳርስልኛለች።»

ራሄል ጉልበታቸውን ሳመች። ሞገስ ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ።

«በሉ፣ አንድ ነገር ጨምሩ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ ወደ አቶ ማስረሻ ዞረው። «ይቺ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር የእድሩን ነገር እንደ አዲስ ትሥራው። አንድ በአንድ ሰውን ይጠይቁ። ከኔ ቤት ይጀምሩ፤ ከሰላም።»

«ትምህርታቸው ውስጥም አለ» አለች ራሄልን እያየች አልጣሽ። «በተግባር ሥሩ ይባላሉ አይደል?»

«አለ፣ እታለም። ዘንድሮ የገባ ነው።»

አቶ ማስረሻ ግን ከደረታቸው ያልወረደ ነገር ነበር። ሊቀ መንበር ናቸው፤ ላፕቶፑንም ያስመጡት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ በልጅነቷ አስተምራቸው መሄዷ ከብዷቸዋል። ላፕቶፑን ከራሄል ተቀብለው ዘጉት።

«ይሁን፣ ትሥራ። አልከለክልም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ስምህ ማነው፣ ዘመድህ ማነው ብሎ ለመጠየቅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል? ይኼ ማንን ያቅተዋል? እኛ እዚህ ስንት ዘመን አብረን በልተን፣ አብረን ቀብረን፣ እርስ በርሳችን አንተዋወቅም ልንባል ነው?»

አልጣሽ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳች። ዘይቷን ብብቷ ስር አደረገች።

«ጋሽ ማስረሻ፣ እኔ ዛሬ ማታ ብሞት ለማን ነው የሚደውሉት?»

አቶ ማስረሻ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ወይዘሮ ሸዋረጋ አዩ። ወይዘሮ ሸዋረጋ መሬት መሬት አዩ። አቶ ማስረሻ የዘጉትን ላፕቶፕ መልሰው ለራሄል አቀበሏት።